የሸክላው ጀርባ

መጋረጃ ሰፊዋ ሙዚቃ አትወድም ማለት ስም ማጥፋት ይሆናል። ካለ ትሰማለች፣ ከሌለም አይናፍቃትም። ባሏ ታክሲው ውስጥ ከፍቶት ሲመጣ አብራው ታንጎራጉራለች፤ ሲዘጋው ደግሞ መዘጋቱን እንኳ ልብ አትልም። ጋሽ ሸክላ «ጆሮዬ ሁኚ» ብለው የለመኑት እንግዲህ ይህችን ሴት ነው።

ጋሽ ሸክላ የእናቷ ወንድም ናቸው። ስሙ የወጣላቸው በሥራቸው ነው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ አንድ ጭፈራ ቤት ውስጥ ሸክላ ሲያጫውቱ ኖረዋል። መቼ ሰው ተነስቶ እንደሚጨፍር፣ መቼ ቁጭ ብሎ ላቡን እንደሚጠርግ፣ የተኳረፉ ባልና ሚስት በየትኛው ዘፈን ተቃቅፈው እንደሚወጡ ያውቁ ነበር። ጭፈራ ቤቱ ሲዘጋ ሸክላዎቹን ወደ ቤታቸው አመጧቸው፤ የፊተኛው ክፍል ግድግዳ ከወለል እስከ ጣሪያ ሸክላ ሆነ። ከዚያ ጆሯቸው መድከም ጀመረ። መጀመሪያ የወፎች ድምፅ ጠፋ፣ ቀጥሎ የበር ደወል፣ ቀጥሎ የሚስታቸው ድምፅ። ሚስታቸው ያረፉት ከዚያ በኋላ ስለሆነ የመጨረሻ ቃላቸውን ከከንፈራቸው ላይ ነው ያነበቡት። ሐኪሙ ጆሮ ውስጥ የሚገባ መሣሪያ ሰጥቷቸው ነበር፤ «ቆርቆሮ ነው የሚያሰማኝ» ብለው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት።

ሰው ያዘነላቸውን ያህል ግን እሳቸው ለራሳቸው አላዘኑም። «እዚህ አለ» ይላሉ፣ ግንባራቸውን በጣት መታ መታ እያደረጉ። አንድ ሸክላ ከነሽፋኑ ያወጡና ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ከመጀመሪያው ዘፈን እስከ መጨረሻው በጭንቅላታቸው ያጫውቱታል። እግራቸው ምቱን ይከተላል። የሚያስፈራቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር። አባታቸው በስተርጅና የልጆቻቸውን ስም ረስተው፣ የገዛ ቤታቸውን በር አንኳኩተው «የማን ቤት ነው?» ብለው የጠየቁ ሰው ነበሩ። «ጆሮዬን ወሰደው፣ ይሁን» ይላሉ ጋሽ ሸክላ። «ይሄን ከነካብኝ ግን...» ቀሪውን አይጨርሱትም።

ሐሳቡን ያመጡት እሷ ልትጠይቃቸው በሄደችበት አንድ ቀን ነው።

«እኔ ሸክላዎቹን በልቤ አውቃቸዋለሁ» አሏት። «አዲስ ሰው ሲሰማቸው ምን እንደሚለው ግን ናፈቀኝ። በሳምንት አንድ ውሰጂ። ስሚና ነይ ንገሪኝ።»

«ጋሼ ደግሞ! እኔ ስለ ሙዚቃ ምን አውቄ?»

«ስለማታውቂ እኮ ነው። የሚያውቁትማ አሰልችተውኛል።»

ጭፈራ ቤት ሁለት ማጫወቻ ይፈልጋል፤ ሁለቱም ቤታቸው ነበሩ። አንዱን በባሏ ታክሲ ጭነው አስረከቧት። እሷም መሥሪያ ክፍሏ ውስጥ፣ ከጨርቅ ክምር መሀል ቦታ ፈልጋ አስቀመጠችው። መሥሪያ ክፍል ማለቷ ለወግ ነው፤ የጎረቤት ግድግዳ የሚያይ አንዲት ጠባብ መስኮት ያለው፣ በጠራራ ፀሐይ መብራት የሚበራበት ጉድጓድ ነው። የጋሽ ሸክላን የፊተኛ ክፍል ባየች ቁጥር፣ ያንን ሰፊ መስኮት፣ ወለሉ ላይ የሚዘረጋውን ብርሃን፣ «ይሄ ክፍል ለመጋረጃ ሥራ ነበር የተፈጠረው» ትላለች በሆዷ። ይህን ልብ በሉልኝ፤ በኋላ ይመጣል።

የመጀመሪያው ሸክላ ጃዝ ነበር። መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠች፤ ብርሃኑ ከንፈሯ ላይ እንዲያርፍ ሁልጊዜ የሚያስቀምጧት እዚያ ነው። ቀስ እያለች ነገረቻቸው።

«ሰዎቹ አይቸኩሉም። ጥሩምባ ነፊው የሆነ ነገር ይጀምርና ይተወዋል። ፒያኖው ደግሞ ዝም ብሎ ይጠብቀዋል። እኔ ብሆን ‹ምን ልትል ነበር?› ብዬ እይዘው ነበር።»

ጋሽ ሸክላ እስኪያስላቸው ሳቁ። እንዲህ ሲስቁ ካየቻቸው ዘመን የለውም፤ ልቧ ቅቤ ጠጣ። በሚቀጥለው ሳምንት ብሉዝ ሰጧት። «ይሄ ሽማግሌ ሚስቱ ጥላው ሄዳለች» አለች፤ «ግን ምሳውን በልቶ ነው የሚያለቅሰው።» ክላሲካሉን በጣም ፈርታው ነበር። «ቫዮሊኖቹ አሁን ሊነግሩኝ ነው፣ አሁን ሊነግሩኝ ነው ስል ወሬውን ለክላርኔቱ ሰጡት፣ ክላርኔቱ ለሌላው፣ መጨረሻ ላይ ከበሮው ጮኸብኝ። ምን እንዳጠፋሁ አልገባኝም» አለች። የሮክ ልጆቹ እንደተቆጡ፣ በማን እንደተቆጡ ግን ራሳቸውም የማያውቁ እንደሚመስሉ ነገረቻቸው። ሬጌው እግሯን አስንፎ የሆቴሉን መጋረጃ ከቀጠሮው አሳልፎባታል። በዲስኮው ደግሞ ስትወዛወዝ ባሏ ደርሶ «አመመሽ እንዴ?» ብሏታል። ይህ ሁሉ እውነት ነበር። ሰምታ፣ የተሰማትን፣ ሳትጨምር ሳትቀንስ።

ችግሩ ሸክላ ፊትና ጀርባ ያለው ነገር መሆኑ ነው።

መጋረጃ ሰፍቶ የሚያውቅ ሰው ይረዳታል። ጨርቁ ከጠረጴዛው ወርዶ ወለሉን ሞልቶ፣ ግማሹ ጭኗ ላይ ተቆልሎ፣ እጥፋቱ በጣቷ ተይዞ፣ አፏ በስፒል ተሞልቶ ነው የምትሠራው። የሸክላው ፊት ሲያልቅ መርፌው መሀል ላይ ቀጭ ቀጭ ማለት ይጀምራል። ተነስታ ብትገለብጠው እጥፋቱ ይፈታል፤ የለካችው ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ስለዚህ ቀጭ ቀጩን ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ትቀጥላለች። እጇ ነፃ ሲሆን ልጆቿ ከትምህርት ቤት ይደርሳሉ፤ ከዚያ በኋላ በዚያ ቤት ውስጥ የሚሰማው ሙዚቃ ጠብ ብቻ ነው።

«ጀርባውስ?» አሏት አንድ ቀን። ሽፋኑ ላይ የባሕር ዳርቻና አንድ ባዶ ወንበር ያለበት የጃዝ ሸክላ ነበር።

«ጀርባውም ጥሩ ነው።»

«ጥሩ ነውን ለደንበኞችሽ። ምን ሰማሽ?»

አልሰማሁትም ብትል ምን ነበረበት? ምንም። «ሥራ በዛብኝ፣ በሚቀጥለው» ብትል «እሺ» ይሏት ነበር። ግን እሳቸው ሳምንቱን ሙሉ ይህችን ሰዓት ሲጠብቁ መዋላቸውን ታውቃለች፤ ሻይ አስቀርበው፣ ወንበሯን ወደ መስኮቱ አዙረው። ባዶ እጇን መመለስ አሳፈራትና ከአፏ አመለጣት።

«ዋሽንት አለ።»

«ዋሽንት?» ጋሽ ሸክላ ከንፈሯን በደንብ ያላነበቡ መሰላቸው። «እዚህ ላይ?»

«አዎ፣ መጀመሪያው ላይ። ደስ ይላል።»

ሽፋኑን ገለበጡት። የተጫዋቾች ስም የለም፤ ያው ባሕር፣ ያው ወንበር። «እኔን የሚመስለኝ ጥሩምባ ነበር» አሉ በዝግታ። «ብቻውን የሚገባ። ከበሮ የለ፣ ምን የለ።» ትንሽ አሰቡ። «መቼም ጆሮ ያለሽ አንቺ ነሽ።»

ያኔ መመለስ ይቻል ነበር፤ አልተመለሰችም። በሚቀጥለው ሳምንት ጀርባው ላይ የሕፃናት መዘምራን ጨመረች። በሚቀጥለው፣ ለአንድ ቁጡ የሮክ ባንድ ለስላሳ ፒያኖ ሰጠቻቸው። ዓይኗን በጨው አጥባ ሽፋኑን ታያለች፣ ፎቶውን ታያለች፣ ከዚያ ይመጣላታል። እንዲያውም ጎበዝ ሆነችበት። ራሷንም «ማንን ጎዳሁ? ሽማግሌውን አስደሰትኩ» እያለች ታባብላለች። ግን ሸክላውን በከረጢት ይዛ ወደ እሳቸው ቤት ስትሄድ መንገዱ እየከበዳት መጣ፤ ጥፋት ያለበት ሰው ደግሞ ከማንም በላይ ይለፈልፋልና የጀርባው ወሬ ከፊቱ ወሬ ይረዝም ጀመር።

ከዚያ ሽፋኑ ብርቱካንማ የሆነ የአንድ ሸክላ ተራ ደረሰ።

ሲሰጧት ሽፋኑን በእጅጌያቸው ጠረጉ። «ይሄ የእሷ ነው» አሉ። የሚስታቸው ማለታቸው ነው፤ ሰፊዋ እትዬ የምትላቸው፣ ልጅ ሆና እዚህ ቤት ስትመጣ ፀጉሯን የሚጎነጉኑላት። «የእረፍት ቀኔ ሲሆን ከጭፈራ ቤቱ ተውሼ አመጣላት ነበር። ጀርባውን ነው የምትወደው። የመጨረሻዋን ዘፈን።»

በልጆቿ ስም ማለች፤ ይሄንንስ ገልብጬ እሰማለሁ አለች። መሐላዋ እውነት ነበር። በማግስቱ ግን የትምህርት ቤቱ አዳራሽ መጋረጃ መጣ፤ ያን የመሰለ ጨርቅ፣ ያን የመሰለ ክብደት። ፊቱን ሰማች። የሶል ዘፋኝ ናት። ይቅር ብዬሃለሁ ትላለች፣ ድምጿ ግን ይቅር አላለም። ሰፊዋ አንዴ የማሽኗን መርገጫ ረስታ ቁጭ ብላ ሰምታታለች፤ ይህን ያህል ነክቷታል። ጀርባው ግን እንደ ሌሎቹ ጀርባዎች ቀጭ ቀጭ ሲል ዋለ።

እናም ያን ቀን መስኮቱ አጠገብ፣ እሳቸው ዓይናቸውን ከከንፈሯ ላይ ሳያነሱ፣ ጀርባውን ጠየቋት። ይህንን ሸክላ በዋሽንት ማለፍ አልፈለገችም፤ የሚገባቸውን ነገር ልትሰጣቸው ፈለገች።

«የመጨረሻዋ ዘፈን ላይ» አለች፣ «ሙዚቃው ካለቀ በኋላ ሴቷ ትስቃለች። ትንሽ ሳቅ። ሳያጠፉት የቀረ።»

ጋሽ ሸክላ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እግራቸው ምት መምታት ጀመረ፣ ቆየ፣ ከዚያ ቆመ፤ ዘፈኑ አለቀ ማለት ነው። ጠበቁ። ከዚያ እንባቸው ወረደ።

«ረስቼው ነበር» አሉ። «እንዴት ረሳሁት? አሁን ሰማሁት። አሁን፣ አሁን ሰማሁት።»

እጇን ይዘው ሳሟት። ምድር ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። በመንገድ ላይ ግን፣ ሐቁን እንናገር፣ ትንሽ ኩራትም ተሰምቷት ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ መበላሸት የጀመረው። ከምድጃው በላይ ግድግዳው ላይ «አጥፋው!» የሚል ወረቀት ተለጠፈ። የቤቱ ቁልፍ በክር ታስሮ አንገታቸው ላይ ተንጠለጠለ። የተናገሩትን ይደግሙና «ብያለሁ እንዴ?» ይላሉ፤ ሳይደግሙም ይጠይቃሉ። እሷ ስትጠይቃቸው ይስቁባታል፣ ሳቁ ግን ከጥርስ አያልፍም። አንድ ቀን ወንበሯን ወደ መስኮቱ አዙረው፣ ሻይውን ራሳቸው ቀድተው፣ በረጋ ድምፅ ነገሯት።

«ልጄ ዘንድ ልሄድ ነው። ፋርማሲስቱ ዘንድ። ደውዬለት፣ ማለት ጎረቤት አስደውዬ፣ ይመጣል።»

«ለጥየቃ?»

«ለመኖር። አባቴን የያዘው ነገር ይዞኛል።»

«ጋሼ፣ ማን አለ? ሐኪም አየዎት?»

«ሐኪም ምን ያደርጋል? ሸክላዎቹ መሰከሩብኝ እኮ። ዕድሜ ልኬን ያጫወትኳቸውን አንቺ አንድ ጊዜ ሰምተሽ ከኔ ይልቅ ታውቂያቸዋለሽ። ዋሽንቱን ረሳሁ። የሚዘምሩትን ልጆች ረሳሁ። የእሷን ሳቅ እንኳን ረስቼ አንቺ ነሽ ያስታወስሽኝ። ቀጥሎ ስምሽን ልረሳ ነው። እዚህ ብቻዬን ሆኜ ቤት ከማቃጥል አሁኑኑ፣ ሳውቅ፣ ልሂድ።» ከዚያ ክፍሉን ዙሪያውን አዩት። «ቤቱን አልሸጠውም። ይሄን ክፍል አንቺ ሥሪበት። ብርሃን አለው። ሁልጊዜ ስታዪው አይሻለሁ።»

የሰው ልብ ምን ዓይነት ነገር እንደሆነ እንግዲህ ተመልከቱ። ቀልቧ ተገፎ ሳለ፣ በዚያው ቅጽበት ዓይኗ መስኮቱን እየለካ ነበር። ጠረጴዛው እዚህ፣ ማሽኑ እዚያ። ራሷን ስትይዘው ደነገጠች። አፏን ከፈተች፤ እሳቸው ከንፈሯን ጠበቁ፤ «እግዜር ይስጥልኝ» አለች።

ለባሏ ነገረችው። ባሏ ክፉ ሰው አይደለም፤ ታክሲ ነጂ ነው፣ ሁሉን ነገር በአቋራጭ ነው የሚያየው።

«ዝም በይ» አላት። «ሽማግሌው ልጃቸው ዘንድ ቢሄዱ ምን ይጎዳሉ? የልጅ ልጅ አለ፣ የሚጦር አለ። አንቺም ከዚህ ጉድጓድ ትወጫለሽ። ሆድ ይፍጀው።»

በጣም የከፋው ግን ይህን እንዲላት ፈልጋ መንገሯ ነው።

ዝም አለች። ፋርማሲስቱ ከሥራው አስፈቅዶ መጣ፤ የአባቱ ልብስ በሻንጣ፣ ዕቃው በካርቶን መታሸግ ጀመረ። ጋሽ ሸክላ እሳቸውን የምታስታውስበትን አንድ ሸክላ እንድትመርጥ ነገሯት። ለምን እንደሆነ ሳታውቅ ያንን ባዶ ወንበር ያለበትን የጃዝ ሸክላ ይዛ ወጣች። ቤቷ ስትደርስ ጠረጴዛው ላይ ጨርቅ ነበር፤ ገፍታ ወለሉ ላይ ጣለችው። ሸክላውን በጀርባው አስቀመጠችና መርፌውን አሳረፈች።

ጥሩምባ ነው። ብቻውን ገባ። ከበሮ የለም፣ ምን የለም፤ አንድ ሰው ባዶ ቤት ውስጥ ገብቶ መብራት ሳያበራ የቆመ ይመስላል። ከዚያ ሌሎቹ አንድ በአንድ፣ እንዳይረብሹት ተጠንቅቀው ገቡ። ልክ እሳቸው እንዳሉት። ሰፊዋ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ስፒል በአፏ ሳይኖር፣ እስከ መጨረሻው ሰማችው። በጣም ያምር ነበር። እንዲህ የሚያምር ነገር ከአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ አውጥታ በቦታው የሌለ ዋሽንት መክተቷን ስታስበው አለቀሰች። ጫማዋን እንኳ በትክክል ሳታስር ተነስታ ሄደች።

በሩ ተከፍቷል። ፋርማሲስቱ ካርቶን ተሸክሞ ወደ መኪናው ይመላለሳል። ጋሽ ሸክላ ካፖርታቸውን ለብሰው ክፍሉ መሀል ቆመዋል። እሷ ጀርባዋን ለመስኮቱ ሰጥታ ቆመችና መናገር ጀመረች።

«ወደ ብርሃኑ ዙሪ» አሏት። «ከንፈርሽ አይታየኝም።»

መዞር ነበረባት። ፊቷ ፍም መስሎ፣ ብርሃኑ ዓይኗ ውስጥ እየገባ፣ ቃሉን አንድ በአንድ ለማንበብ በሚመች አነጋገር ተናገረችው።

«ጀርባውን አልሰማሁትም።»

«የቱን?»

«የሁሉንም። ጊዜ አጥቼ... ከራሴ ነበር የማወራው። ዋሽንት የለም፣ ጋሼ። ጥሩምባ ነው። ብቻውን ነው የሚገባው። እርስዎ እንዳሉት።»

«ልጆቹስ? የሚዘምሩት?»

«ዋሸሁ።»

«ፒያኖው?»

«አላውቅም። አልሰማሁትም። እርስዎ የሚሉት ነው ትክክሉ። ምንም አልረሱም። እኔ ነኝ።»

ፋርማሲስቱ ካርቶኑን እንደታቀፈ በሩ ላይ ቆሞ ሁሉንም ሰምቷል። «ምን?» አለ። «እኔ ሥራዬን ጥዬ፣ ለልጆቼ አያታችሁ ታመዋል ብዬ... ምን ዓይነት ሰው ነሽ አንቺ? ክፍሉን ፈልገሽ ነው?»

ክፍሉን ፈልጌ አይደለም ልትል ነበር። ከዚያ መስኮቱን መለካቷ ትዝ አላት።

ጋሽ ሸክላ ወንበር ላይ ተቀመጡ። የሆነ ነገር በጣታቸው ጉልበታቸው ላይ ይመታሉ፤ ቆይቶ ነው የገባት፤ የወንበሩን ሸክላ ጀርባ እያጫወቱት ነበር፣ እንደ ድሮው፣ በጥሩምባ። ጨረሱ። ቀና ሲሉ ፊታቸው ላይ ደስታ አልነበረም።

«ካርቶኖቹን መልስ» አሉት ልጃቸውን። እሷን ደግሞ አሏት፦ «ውጪልኝ።»

ስለ ሳቁ አልጠየቋትም። እሷም አላነሳችም።

ከዚያ በኋላ በሩ አልተከፈተላትም። የበሩን ደወል ሲጫኑት ቤት ውስጥ አምፖል እንደሚበራ ታውቃለች፤ ትጫናለች፣ መብራቱ በመጋረጃው ውስጥ ብልጭ ሲል ታያለች፣ ማንም አይመጣም። መጋረጃውም እሷ የሰፋችው ነው። መንገድ ላይ ሲያገኟት ወደ ማዶ ይሻገራሉ። የገዛችላቸውን ዳቦ ለጎረቤታቸው ሰጥታ ትመለሳለች፤ ጎረቤቷ «በልተውታል» ትላታለች፣ ከዚያ በላይ የምትጨምረው የለም። አንገታቸው ላይ ቁልፍ እንደሌለ ግን ከሩቅ አየች። በዚያ ብቻ ትጽናና ነበር፤ ሳቁ ትዝ ሲላት ግን መጽናናቱም ይጠፋል። መንገር ነበረባት። ካልነገረችም ደግሞ ሳቁ እሳቸው ጋ በሰላም ይኖራል። ማሽኗ ላይ ተቀምጣ ይህን ስታወጣና ስታወርድ ስንት ጨርቅ አበላሸች።

ከዕለታት አንድ ቀን ቀና ስትል የመሥሪያ ክፍሏ በር ላይ ቆመው አየቻቸው። በቀን የበራውን አምፖል፣ የጨርቁን ክምር፣ ጨርቅ የተከመረበትን ማጫወቻ አንድ በአንድ ተመለከቱ።

«ነገ ነይ» አሏት። «እጅሽን ባዶ አድርገሽ ነይ። ጨርቅ እንዳታመጪ፣ ስፒል እንዳታመጪ።»

በማግስቱ ሄደች። ካርቶኖቹ ተፈትተው ሸክላዎቹ ግድግዳው ላይ ናቸው፤ «አጥፋው!» የሚለው ወረቀት ተነስቷል። ጠረጴዛው ላይ ብርቱካንማው ሸክላ ተቀምጧል።

«ጀርባውን» አሉ።

አስቀመጠችው። እሳቸው ፊት ለፊቷ ተቀምጠው፣ አንድ እጃቸውን የድምፅ ማጉያው ሣጥን ላይ አድርገው፣ ፊቷን ያዩ ጀመር። መዝፈን የጀመረችው ሴት ያችው ናት። ሰፊዋ መቼ እንደምትነግራቸው አላወቀችም፤ በኋላ ግን መንገር እንደማያስፈልጋት ገባት። ግጥሙ ሲያሳዝናት እሳቸው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ከበሮው ሲገባ ዓይኗ ሲነቃ እሳቸውም ፈገግ ይላሉ። የሚያዳምጡት የእሷን ፊት ነበር። የመጨረሻዋ ዘፈን ገባች፤ ለስላሳ፣ ረጅም፣ ይቅርታው በመጨረሻ እውነት የሆነባት። አለቀች። ቀጭ ቀጭ።

«ሳቋስ?» አሉ ጋሽ ሸክላ።

ከንፈሯን እያዩ ነው። ደግሞ ምን ያህል ቀላል ነበር! አንድ ጊዜ «አለ» ማለት ብቻ፤ ማንም አይሰማም፣ ማንም አያጣራም።

«የለም፣ ጋሼ። እሱንም እኔ ነኝ የጨመርኩት።»

«እንደገና አድርጊው። መጨረሻዋን ብቻ።»

እንደገና አደረገችው። «የለም?» «የለም።» ሦስተኛ ጊዜ አላዘዟትም። እጃቸውን ከሣጥኑ ላይ አንስተው ጉልበታቸው ላይ አሳረፉት።

«እኔ ግን ሰምቼዋለሁ» አሉ። «አንቺ የነገርሽኝ ዕለት ሰምቼዋለሁ። የዘፋኝ ሳቅ አይደለም። እኔ የማውቀው ሳቅ ነው።» ፊታቸው ቀስ በቀስ ተከፈተ። «የእሷ ነው! እዚህች አንቺ ያለሽበት ወንበር ላይ ትቀመጣለች። ዘፈኑ ካለቀ በኋላ እነሳና ‹እመቤቴ፣ አንድ ጊዜ ይጨፍራሉ?› እላታለሁ። ካለቀ በኋላ እኮ ነው የምጠይቃት። ሁልጊዜ። እሷም ትስቃለች። አንቺ ትንሽ ሆነሽ እዚህ ነበርሽ፤ አይተሻል። ታስታውሺያለሽ አይደል?»

ሰፊዋ ፈለገች። ሽሩባውን አገኘችው፣ ማበጠሪያው ሲጎትታት ያለቀሰችውን አገኘችው፣ የእትዬን ጣቶች አገኘቻቸው። ዘፈን ሲያልቅ የተነሳ ሰውዬ፣ ወንበር ላይ የሳቀች ሴት አላገኘችም። ይሄ እውነት የሆነ ነገር ነው፣ ወይስ እሷ የተከለችው ውሸት አብቅሎ ነው? የምትጠይቃቸው እትዬ ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውም አርፈዋል።

«አላስታውስም፣ ጋሼ» አለች።

ጋሽ ሸክላ ዓይናቸውን ከከንፈሯ ላይ አላነሱም። የቀረ ነገር ካለ ብለው ጠበቁ። የቀረ ነገር አልነበረም።